የሚሲዮናውያን ዲብሪፊንግ፦ ለተጠራጠረ አገልጋይ ምን ያህል ይጠቅማል?

ሚሲዮናዊ ሲጠራጠር የሚያወራለት ሰው ያጣል። ያስተማራቸው ሰዎች እምነቱን የተቀበሉት ከእሱ ነው። ላኪ ቤተ ክርስቲያኑ በየጊዜው የጸሎት ደብዳቤ ትጠብቃለች። የኑሮው ድጋፍ የሚመጣውም ምስክርነቱን ሰምተው ቃል ከገቡ ሰዎች ነው። «መጸለይ ካቆምኩ ቆየሁ» ወይም «የተጠራሁ አይመስለኝም» ብሎ ቢናገር መዘዙ ለቤቱና ለልጆቹ እንደሚተርፍ ስለሚያውቅ ዝም ይላል። ላኪ ድርጅቶችና የሚሲዮናውያንን ደኅንነት የሚከታተሉ የአባላት እንክብካቤ ማዕከላት ለዚህ ያዘጋጁት አገልግሎት ዲብሪፊንግ ይባላል። ከመስክ የተመለሰን ወይም ለዕረፍት የወጣን አገልጋይ ለጥቂት ቀናት ተቀብለው ያሳርፉታል፣ በሥርዓትም ያዳምጡታል። እዚህ የምንገመግመው አንድን ማዕከል ሳይሆን አገልግሎቱን ራሱን ነው፤ መለኪያችንም በጥርጣሬ ውስጥ ላለ ሰው የሚሰጠው ጥቅም ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። የቦታው ውበትና የመርሐ ግብሩ ሙላት ብዙም ለውጥ አያመጡም። አገልግሎቱን የሚያቆሙት ወይም የሚጥሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ አድማጩ የሰማውን ለማን እንደሚያደርስ፣ እና «ጥርጣሬ» ተብሎ የቀረበለት ነገር በእርግጥ ምን እንደሆነ መለየት መቻሉ።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ከመመዝገብ በፊት የምስጢር ስምምነቱን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ሁሉም በምስጢር ይያዛል» የሚል አንድ መስመር አይበቃም። ጥሩ ስምምነት ሦስት ነገሮችን ለይቶ ይጽፋል። አንደኛ፣ ምስጢሩ የሚሰበርባቸው ሁኔታዎች፦ ራስን ወይም ሌላን የመጉዳት አደጋ ሲኖርና በሕፃን ላይ ጥቃት ሲደርስ። ሁለተኛ፣ ለላኪው ድርጅት ምን እንደሚላክ፦ ሰውየው መገኘቱ፣ ምን ያህል ዕረፍት እንደሚመከርለት፣ የሕክምና ክትትል ያስፈልገው እንደሆነ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ሦስተኛ፣ ይህ ወረቀት ከመላኩ በፊት አገልጋዩ ራሱ አንብቦ እንደሚፈርምበት። አንዳንድ ቦታ አድማጩ የድርጅቱ የሰው ኃይል ኃላፊ ወይም የአካባቢው መሪ ሆኖ ይገኛል። ሰውየው የቱንም ያህል ደግ ቢሆን ይህ አይሠራም። ቀጣዩን የአገልግሎት ዘመን የሚያጸድቀው ሰው ፊት ማንም እምነቱ መናወጡን አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ቪዛ፣ ስለ መኪናውና ስለ ባልደረቦቹ ነው። ሳምንቱ ያልቃል፣ ሪፖርቱ ያምራል፣ ነገሩ ግን እዚያው እንዳለ ይመለሳል። የሥራ ሪፖርትና የግል ዲብሪፊንግ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ሰው መደረግ አለባቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው የመግቢያ ቅጹ ነው፤ የማዕከሉ ሙያ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ቅጹ ስለ ጸሎትና ስለ ንባብ ብቻ ከጠየቀ ሰዎቹ ግማሹን ሥራ አልያዙትም። እንቅልፍን፣ የክብደት ለውጥን፣ የመጨረሻውን የደም ምርመራ፣ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች በስም መጠየቅ አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የታይሮይድ ዕጢ መዳከምና የደም ማነስ ሰውን ባዶና ግዴለሽ ያደርጉታል፣ እሱ ደግሞ ይህን መንፈሳዊ ቅዝቃዜ ነው ብሎ ይተረጉመዋል። ከሁሉ የሚረሳው ሜፍሎኩዊን ነው። ይህ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ የወባ መከላከያ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ቅዠት፣ ጭንቀት፣ ሰውን ያለ ምክንያት መጠርጠርና ድባቴ ያመጣል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. ከሁሉ የከበደውን የማስጠንቀቂያ ዓይነት አስፍሮበታል። ይህን መድኃኒት የሚወስድ አገልጋይ «እግዚአብሔር ጥሎኛል» ቢል መጀመሪያ የሚላከው ወደ ሐኪም ነው፤ በራሱ ፈቃድ ግን አያቋርጥም፣ በሌላ መከላከያ ይተካለታል እንጂ። ጥሩ ማዕከላት ዘጠኝ ጥያቄ ያለውን የድባቴ መጠይቅም ያስሞላሉ። ውጤቱ ከ27 ነው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ባለሙያ ይጠራል። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ነው፤ ከዜሮ ሌላ ማንኛውም መልስ በዚያው ቀን ውይይት ይፈልጋል። መጠይቁን አስሞልተው ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጡ ቦታዎች አሉ። ከዚያስ ባያስሞሉ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ሦስት የታወቁ ሚሲዮናውያንን እንውሰድ፤ የዓመታቱ አቆጣጠር የአውሮፓውያን ነው።

እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ዌስሊ በ1736 በአሜሪካ የምትገኘው ጆርጂያ ደርሶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተመለሰ። ሌሎችን ወደ እምነት ሊመልስ ሄዶ እሱን ራሱን ማን እንደሚመልሰው በመርከብ ላይ በማስታወሻው እየጠየቀ ነበር የመጣው። የዌስሊ ችግር ድካም አልነበረም፤ መዳን በእርግጥ የእኔ ነው ወይ የሚል የሃይማኖት ትምህርት ጥያቄ ነበር። የጠቀመውም ፒተር ቦህለር የተባለ የሞራቪያ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ የሆነ ወዳጅ ነው፤ ቁጭ ብሎ ተከራከረው፣ ስብከቱንም እንዳያቆም መከረው። ግንቦት 24 ቀን 1738 ለንደን ውስጥ በአንድ ስብሰባ ላይ እርግጠኝነት አገኘ።

አሜሪካዊው አዶኒራም ጀድሰን ሌላ ነው። በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ውስጥ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ታስሮ ወጣ፤ በጥቅምት 1826 እሱ በሌለበት ሚስቱ አን ሞተች፣ ከስድስት ወር በኋላ ሕፃን ልጃቸው ተከተለች። ከዚያ በኋላ ከሰው ተለይቶ ጫካ ውስጥ ጎጆ ሠራ፣ የራሱን መቃብር ቆፍሮ አጠገቡ ተቀመጠ፣ እግዚአብሔርንም ላገኘው አልቻልኩም አለ። ይህን በክርክር የሚፈታ ሰው የለም፤ ሐዘን ነውና። ቀስ በቀስ ተነሣ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ በርማ ቋንቋ መተርጎሙን በ1834 ጨረሰ፣ በ1850 እስኪሞትም በሥራው ቆየ።

ማዘር ቴሬዛ ሦስተኛዋ ናት። ከሞተች ከአሥር ዓመት በኋላ በ2007 የታተሙት ደብዳቤዎቿ እንደሚያሳዩት፣ የካልካታ ሥራዋን ከጀመረችበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ዕለተ ሞቷ በ1997 ድረስ፣ ከጥቂት ጊዜ በቀር የእግዚአብሔርን መኖር አልተሰማትም። ሥራዋ ግን አልቆመም። የረዷት የመንፈስ አባቶች ጨለማውን ሊያስወግዱላት አልሞከሩም፤ የጥሪዋ አካል አድርጋ እንድትሸከመው ነው የረዷት።

ሦስቱም «ተጠራጠርኩ» ብለው አንድ ማዕከል ቢመጡና አንድ ዓይነት መርሐ ግብር ቢሰጣቸው፣ ለአንዱ የሚሆነው ሁለቱን ይጎዳ ነበር። ዌስሊን ብቻውን በጽሞና ቢያስቀምጡት ጥያቄው ውስጥ ይሰምጣል። ለጀድሰን ትምህርት ቢሰጡት ስድብ ይሆንበታል። ማዘር ቴሬዛን ደግሞ «በዚህ ሳምንት ደስታሽ ይመለሳል» ቢሏት ሳምንቱ ሲያልቅ ጥፋተኛዋ እሷ ትሆናለች። በእኛ ግምት አብዛኞቹ ደካማ መርሐ ግብሮች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ተሐድሶ የሚል አንድ መድኃኒት ይዘው ይጠብቃሉ።

ለመለየት የሚያገለግለው ዋና መሣሪያ የጊዜ መስመር ነው፤ በደንብ ሲሠራ እጅግ ውጤታማ ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት አግድም ይዘረጋል፣ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል፣ የአገልግሎቱ ዓመታት በላዩ ይከፋፈላሉ። በአንድ ቀለም ከመስመሩ በላይ ያተረፋቸው ነገሮች፣ በሌላ ቀለም ከታች ያጣቸው ነገሮች ይጻፋሉ። ብዙ ማዕከላት እዚህ ያቆማሉ። ለተጠራጠረ ሰው ግን ሦስተኛ ቀለም ያስፈልጋል፦ ጸሎቱ በየጊዜው እንዴት እንደነበረ የሚያሳይ ከፍ ዝቅ የሚል መስመር። አገልጋዩ ሳይቸኩል ብቻውን ይሥራው፤ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ከዚያ ሁለቱ ወረቀቱ አጠገብ ተቀምጠው ያነቡታል። የጸሎቱ መስመር ከአንድ ሞት፣ ከአንድ መለያየት ወይም ከአንድ ክህደት በኋላ በድንገት ከወረደ፣ የተያዘው ነገር በአብዛኛው ሐዘን ነው። ከሥራ ብዛት ጋር እየተንሸራተተ ከወረደ መድከም ነው። የሥራ መሰላቸትን የሚያጠኑ ባለሙያዎች ሦስት ምልክት ይቆጥራሉ፦ መዛል፣ ለሚያገለግሉት ሰው ልብ መድረቅ፣ የሠሩትን ከንቱ አድርጎ ማየት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ለአማኝ ሰው እምነት ማጣት መስለው ይታዩታል። መስመሩ የወረደው ከአንድ ንባብ፣ ከሌላ እምነት ሰው ጋር ከተደረገ ውይይት ወይም ያልተመለሰ ግፍ ካየ በኋላ ከሆነ ደግሞ እውነተኛ ጥያቄ አለና መልስ የሚፈልግ ሰው ይጠራለት። ሌላው ሁሉ ደኅና ሆኖ የጸሎቱ መስመር ብቻ ዝቅ ካለ መንፈሳዊ ድርቀት ሊሆን ይችላል። ድብልቅ መሆኑ ግን አይቀርም፤ ወረቀቱ የት እንደሚጀመር ያሳያል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

ከጊዜ መስመሩ ጋር የሚሄድ ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ አለ፦ ምን ጠፋ፣ ስንብት ተደርጎለታል ወይ፣ ይህን ማን ያውቃል። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነባቸው ረድፎች ላይ ነው የሳምንቱ ሥራ የሚያተኩረው። የሞተ ሰው ብቻ ሳይሆን የተዘጋ ፕሮጀክት፣ እምነቱን ትቶ የሄደ ደቀ መዝሙር፣ ያልተገኙበት የወላጅ ቀብርም እዚህ ይገባል። በአገልጋይ ላይ በጣም የሚከብደው ብዙ ጊዜ ደቀ መዝሙሩ ነው፤ የራሱ መጠራጠር የሚጀምረውም እሱ በሄደበት ሰሞን ነው።

አደረጃጀቱን በተመለከተ፣ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ባልና ሚስት አምስት ቀን ተገቢ ነው፤ ሦስት ቀን ለመተኛትና ለመተማመን ብቻ ያልቃል። የመጀመሪያው ቀን ባዶ ይሁን። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን መልአኩ ትምህርት አልጀመረለትም፤ ሁለቴ አበላው፣ በመሐሉ አስተኛው፣ ጥያቄው የመጣው አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የሚያከብሩ ማዕከላት ጥቂት ናቸው፤ ገና ሻንጣ ሳይፈታ በመዝሙርና በስብከት የሚቀበሉት ይበዛሉ። በቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያልበለጠ፣ ከሰዓት በኋላ በእግር መሄጃ ነጻ ሰዓት፣ ማታ ምንም። ቋንቋው የአፍ መፍቻ መሆን አለበት። በሁለተኛ ቋንቋ ሰው የሚናገረው ያዘጋጀውን ነው።

ጊዜው ሲመረጥ፣ ከተመለሱ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ውስጥ ይሻላል። ቀድሞ ከሆነ ሰውነቱ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ቆይቶ ከሆነ ደግሞ ለአብያተ ክርስቲያናት የሚያቀርበውን ምስክርነት ደጋግሞ ስለ ተናገረው የራሱ ታሪክ መስሎታል። ትልቁ የአሠራር ስሕተት ድጋፍ በማሰባሰቢያው ወቅት መሐል ማድረግ ነው። ሰውየው ዓርብ ዕለት ጸሎት እንደ ጠፋበት ተናግሮ እሑድ መድረክ ላይ ስለ ጸሎት መልስ ይመሰክራል። በዚያ ሁለትነት ከጥርጣሬው የበለጠ የሚቆስልበት ጊዜ አለ። ማዕከሉ ለላኪዎቹ ጽፎ መድረኩን ለተወሰኑ ወራት ማስዘጋት መቻል አለበት፤ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ።

ሌሎቹን መልኮች በአጭሩ እንያቸው። የጽሞና ሱባኤ፣ በተለይም የካቶሊኮቹ ኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች በሆነው በኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ሥርዓት የሚመራው፣ በስምንት ቀን ወይም በሙሉ መልኩ በሠላሳ ቀን ይሰጣል፤ መሪው በቀን አንዴ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ያነጋግራል፣ የቀረው ዝምታ ነው። ለድርቀት ከዚህ የተሻለ አናውቅም። በተለይ አንድ ሕጉ ለማንኛውም ሚሲዮናዊ ይጠቅማል፦ በመንፈስ ጨለማ ጊዜ ቀድሞ በብርሃን የተወሰነን ነገር አትቀይር። ድባቴ ላለበት ሰው ግን ረጅም ዝምታ አደገኛ ነው፤ አስቀድሞ የማይመረምር ቤት አይመረጥም። በቪዲዮ የሚሰጠው ምክክር ለክትትል ጥሩ ነው፣ ለመጀመሪያው መፍረክረክ ግን አይበቃም። ቤቱ ውስጥ ልጆች አሉ፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ መስመሩ ልክ ዋናው ቃል ላይ ይቋረጣል። ግንኙነት በሚጠለፍበት አገር ያለ አገልጋይ ደግሞ የሰዎችን ስምና ቦታ መጥራት የለበትም፤ አማካሪው ይህን ራሱ ካላስጠነቀቀ ልምድ የለውም ማለት ነው።

ዘረፋ፣ እገታ ወይም ጥቃት ለደረሰበት ሰው ሌላ ጥንቃቄ አለ። አደጋው እንደ ደረሰ በአንድ ቁጭታ ሁሉንም ማስተረክ የኋላ የአእምሮ ቁስልን እንደማይከላከል ጥናቶች አሳይተዋል፤ አንዳንዱን ያባብሰዋልም። «ተናገረውና ይቀልሃል» እያለ የሚገፋ ማዕከል ካለ መተው ነው። መጀመሪያ ደኅንነት፣ እንቅልፍና የሚያምኑት ሰው ይቅደም፣ ትረካው በፈቃድ ይምጣ፣ ምልክቱ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ የአእምሮ ቁስል ሕክምና የተማረ ባለሙያ ጋ ይላክ።

ባልና ሚስት መጀመሪያ ለየብቻ፣ ከዚያ አብረው ይሰሙ። አንዱ የተጠራጠረበትን ሌላው ሳያውቅ ለዓመታት የኖረበት ቤት ብርቅ አይደለም። ባልን ብቻ አነጋግሮ «ቤተሰቡን ሰምተናል» የሚል አሠራር ዛሬም አለ፤ ያሳፍራል። ልጆች የራሳቸው ሰው፣ የራሳቸው ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።

የዓላማ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከእምነት ጥያቄ ጋር ተጠላልፎ ይመጣል፤ መንስኤው የሪፖርት ቅጽ ሆኖ ይገኛል። ቅጹ የተጠመቀን ሰው ብቻ ከቆጠረ፣ እንግሊዛዊው ሚሲዮናዊ ዊልያም ኬሪ በ1793 ሕንድ ከገባ ጀምሮ በታኅሣሥ 1800 የመጀመሪያው ሕንዳዊ አማኝ ክርሽና ፓል እስኪጠመቅ ድረስ ያሉት ሰባት ዓመታት ዜሮ ናቸው። የጀድሰንም ከ1813 እስከ 1819 ያሉት እንዲሁ። ጥሩ አድማጭ ቅጹን ገሸሽ አድርጎ ሌላ ይጠይቃል፦ ማንም ሪፖርት ባይጠይቅህ የትኛውን ሥራ ትቀጥል ነበር? የትኛውን ሰው ስም ስትጠራ ፊትህ ይለወጣል? የትኛውን ሥራ የያዝከው እንቢ ማለት ስላልቻልክ ብቻ ነው? ከመልሱ ጥሪውና የተሰጠው የሥራ መደብ አንድ አለመሆናቸው ይወጣል። ብዙ ሰው ያጣው የሥራ መደቡን ትርጉም ሆኖ ሳለ የጥሪውን መጥፋት ያውጃል። አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ለእሱ የሥራ ቦታ መቀየር ምንም አይፈታም፣ ይህን በግልጽ መንገር ይገባል።

ይህን ሁሉ ደኅና ይዘው የመጨረሻው ማታ ላይ የሚያበላሹ አሉ። ሻማ አብርተው፣ መዝሙር አስጀምረው፣ ሁሉም ጥሪውን በአደባባይ እንዲያድስ ይጠራሉ። የተጠራጠረው ሰው ሁለት ምርጫ ብቻ ይኖረዋል፤ መዋሸት ወይም መቀመጥ። በማቴዎስ ወንጌል መጨረሻ ተራራው ላይ ከሰገዱት መሐል የተጠራጠሩ እንደነበሩ ተጽፏል፤ ታላቁ ተልእኮ የተሰጠውም ለሁሉም ነው፣ ተጠራጣሪዎቹ ተለይተው አልወጡም፣ ቃለ መሐላም አልተጠየቁም። ለመዝጊያ መዝሙር 88ን ማንበብ ይሻላል፤ በጩኸት ጀምሮ በጨለማ የሚያበቃ ጸሎት ነውና ማንንም አያስዋሽም። በዚያ ሳምንት ውስጥ መልቀቂያም ሆነ አዲስ ውል መፈረም የለበትም።

ክትትሉ ከሳምንቱ እኩል ዋጋ አለው። በስድስተኛው ሳምንት፣ በሦስተኛው ወርና በስድስተኛው ወር ከዚያው አድማጭ ጋር ቀጠሮ ሳይያዝ የተሸኘ ሰው አገልግሎቱን በግማሽ ነው ያገኘው። በየቀጠሮው የጊዜ መስመሩ ወረቀት ይዘረጋና ሦስተኛው ቀለም ይቀጥላል። አንዳንዱ በዚህ መሐል እምነቱን ቀለል ባለና በጠነከረ መልኩ ያገኘዋል፤ አንዳንዱ እርግጠኝነት ሳያገኝ መታመንን ይመርጣል፤ አንዳንዱ ይወጣል። ለሚወጣውም የተዘጋጀ ማዕከል በጣም ጥቂት ነው፣ ለእኛ ግን የመጨረሻው መመዘኛ ይህ ነው፦ ስንት ወር ድጋፉ እንደሚቀጥል፣ ቤቱን መቼ እንደሚለቅ፣ ለቀጣሪ የሚሆን የሥራ ማስረጃ ማን እንደሚጽፍለት፣ የልጆቹ ትምህርት ዘመኑን እንዲጨርስ ምን እንደሚደረግ፣ ለደጋፊዎቹ የሚላከውን ደብዳቤ በምን ቃል እንደሚጽፍ። እነዚህን አምስቱን ሲጠይቋቸው በጽሑፍ የሚመልሱ ከሆነ ይመዝገቡ።